ቤት ለምን ይሰነጠቃል? አፈርን ያጠናው ፕሮፌሰር የካርል ቴርዛጊ ሕይወት

ከእናንተ መካከል ከደመወዛችሁ ላይ ቆርጣችሁ በየወሩ ለቤት መሥሪያ ወደ አገር ቤት የምትልኩ ብዙ ናችሁ። ቦታው ይገኛል፣ መሠረቱ ይቆፈራል፣ ፎቶው በስልክ ይመጣል፤ እናንተም ማታ ሥራ ጨርሳችሁ አልጋችሁ ላይ ሆናችሁ እያገላበጣችሁ ታዩታላችሁ። ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ፎቶ ይመጣል። ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ ወደ ጣሪያው የሚወጣ ስንጥቅ ይታይበታል። ያኔ ጠቡ ይጀመራል። ግንበኛው ሲሚንቶውን ሸጦታል ይባላል፤ ሥራውን ይከታተል የነበረው ወንድም ገንዘቡን በልቶታል ይባላል። እውነት የሚሆንበት ጊዜም አለ። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ማንም ያልጠረጠረው፣ ከቤቱ ሥር የተኛው አፈር ነው።

ዛሬ የምንተርክላችሁ ይህን አፈር መጠየቅና መመርመር ይቻላል ብሎ ዕድሜውን ሙሉ የደከመ ሰው ታሪክ ነው። ስሙ ካርል ቴርዛጊ ይባላል። መሐንዲስ ነበር፣ አስተማሪ ነበር፣ በሰው አገርም ብዙ ዘመን የኖረ ስደተኛ ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሕንፃ መሠረት፣ ግድብ ወይም ዋሻ የሚሠራ መሐንዲስ ሁሉ የእሱን ትምህርት ሳይማር አይመረቅም። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቴርዛጊ የተወለደው በ1883 በፕራግ ከተማ ነው። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያና ሃንጋሪ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሥር ነበረች። አባቱ የጦር መኮንን ስለነበሩ ልጁም ገና በ10 ዓመቱ ወደ ወታደር አዳሪ ትምህርት ቤት ተላከ። ካደገ በኋላ ኦስትሪያ ውስጥ ግራትስ በምትባል ከተማ ገብቶ የሜካኒካል ምህንድስና ተማረ። ጎበዝ ተማሪ ነበር ብለን ብንጽፍ ደስ ባለን፤ ግን አልነበረም። ከመጽሐፍ ይልቅ መጠጡንና የተማሪ ጠቡን ያዘወትር ነበር። ከትምህርት ቤቱ ሊባረር ጫፍ ደርሶ ሳለ ፈርዲናንድ ቪተንባወር የተባሉ መምህሩ ቆመው ተከራከሩለትና ተረፈ። በ1904 ተመረቀ። አንድ መምህር በአንድ ስብሰባ ላይ አፋቸውን ከፍተው ባይናገሩ ኖሮ የዛሬው ጽሑፍ አይኖርም ነበር።

ቴርዛጊ ከተመረቀ በኋላ ግን የተማረው የማሽን ትምህርት ልቡን አልያዘውም። ልቡን የያዘው ድንጋይና ምድር ነው። ወታደራዊ ግዴታውን በሚወጣበት ዓመት ስለ ሥነ ምድር የተጻፈ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ወደ ጀርመንኛ ተረጎመ። ከዚያም ቪየና ውስጥ የውኃ ኃይል ማመንጫዎችን በሚሠራ አንድ ድርጅት ተቀጥሮ ወደ ክሮኤሺያና ወደ ሩሲያ ተጓዘ። በየሄደበት የሚያየው ነገር እንቅልፍ ነሳው። ድልድዩን የሚሸከመው ብረት ስንት ኪሎ እንደሚችል መሐንዲሱ አስቀድሞ አስልቶ ያውቃል። ብረቱ የቆመበት አፈር ስንት እንደሚችል ግን የሚያውቅ የለም። ሁሉም በልምድና በግምት ይሠራል። ግምቱ ሲሳሳት ግድብ ይፈርሳል፣ ሕንፃ ይሰምጣል፣ ሰው ይሞታል፤ ነገሩም የእግዚአብሔር ሥራ ነው ተብሎ ይታለፋል።

በ1912 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። እቅዱ ቀላል ነበር፤ ትልልቅ ግድቦች የሚሠሩባቸውን ቦታዎች እየዞረ ማየት፣ የአፈሩን ዓይነትና የደረሰውን ችግር መመዝገብ፣ መጨረሻ ላይም ከመዝገቡ ውስጥ ሕጉን ማውጣት። ሁለት ዓመት ያህል ዞረ። ማስታወሻው ተከመረ። ሕጉ ግን አልወጣም። ተመሳሳይ ስም የተሰጠው አፈር በአንዱ ቦታ ጸንቶ በሌላው ይከዳል። በ1913 መጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ባዶ እጁን ወደ አገሩ ተመለሰ። ከእናንተ መካከል ሁለት ዓመት ለፍታ ባዶ እጇን የተመለሰች ካለች፣ ያ መንገድ እንዴት እንደሚረዝም ታውቀዋለች።

ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሳ። ቴርዛጊ በሠራዊቱ ውስጥ አገለገለ። በ1916 ግን የቀድሞ መምህሩ ፊሊፕ ፎርሽሃይመር ወደነበሩበት ወደ ኢስታንቡል ሄዶ በኦቶማን መንግሥት የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት እንዲያስተምር ተመደበ። የሕይወቱ ትልቁ ምዕራፍ የተከፈተው እዚያ ነው። መጀመሪያ ግን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። በ1918 ኦስትሪያም ኦቶማንም ጦርነቱን ተሸነፉ። ኢስታንቡልን አሸናፊዎቹ ያዟት፤ ቴርዛጊም ሥራውን አጣ። ያቀጠረው መንግሥት ተሸንፏል፣ የተወለደበት መንግሥት ደግሞ ከካርታ ላይ ጠፍቷል። እሱ በሰው አገር ቀረ።

በዚህ ጊዜ ሥራ የሰጠው ሮበርት ኮሌጅ የተባለው፣ ቦስፎረስ የባሕር ወሽመጥ ዳር ያለው የአሜሪካኖች ትምህርት ቤት ነው። ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ቢሆንም ጊዜ ነበረው። በ1919 አንድ ቀን ቁጭ ብሎ በአንድ ወረቀት ላይ ስለ አፈር ማወቅ የሚያስፈልገውን ሁሉ፣ ለማወቅም የትኞቹን ሙከራዎች መሥራት እንዳለበት ጻፈ። በአሜሪካ የተሳሳተው ለምን እንደሆነ ገብቶታል። የአፈርን ስም መመዝገብ ዋጋ የለውም። መለካት ነው የሚያስፈልገው።

ለመለካት ደግሞ ቤተ ሙከራ ያስፈልጋል፤ ቤተ ሙከራ ለመሥራት ገንዘብ አልነበረም። ስለዚህ ከኮሌጁ የቆሻሻ መጣያ የወዳደቀ ብረትና ዕቃ ለቀመ። የሲጋራ ሣጥኖችን ሰበሰበ። ከወጥ ቤት ዕቃም የሚጠቅመውን ወሰደ። በእነዚህ እጁ ላይ በተገኙ ነገሮች አፈርን የሚጫኑ፣ የሚገፉና በውስጡ ውኃ የሚያሳልፉ መሣሪያዎችን ሠራ። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የሚፈስበት የአፈር ምርመራ ሥራ የተጀመረው በዚህ ሁኔታ ነው።

እዚያ ምን አገኘ? ይህን ለመረዳት ምህንድስና መማር አያስፈልጋችሁም፤ ወጥ ቤት መግባት ይበቃል።

አየሩ ተመጥጦ የታሸገ የቡና ፓኬት ታውቃላችሁ። ሳይከፈት እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ ጠረጴዛ ብትመቱበት ድምፅ ይሰጣል። በመቀስ ጫፉን ስትቆርጡት ግን ወዲያው ይለሰልሳል፣ ይፈስሳል። ቡናው አልተለወጠም። የተለወጠው ፍሬዎቹን እርስ በርስ አጣብቆ የያዛቸው ግፊት ነው። ቴርዛጊ ያየው ይህንኑ ነው። የአፈር ጥንካሬ ያለው ፍሬዎቹ እርስ በርሳቸው በሚጫጫኑበት ኃይል ላይ ነው። በፍሬዎቹ መካከል ውኃ ካለና ውኃው ከፍተኛ ግፊት ካለው፣ ፍሬዎቹን ያላቅቃቸዋል፣ ሸክሙንም ይወስድባቸዋል። ስለዚህ መሐንዲሱ ከላይ የተጫነውን ክብደት ማወቁ ብቻ አይበቃውም፤ ከዚያ ላይ የውኃውን ግፊት መቀነስ አለበት። አፈሩን የሚያጸናው የቀረው ነው። በክረምት ዝናብ ሲበረታ ለዓመታት ቆሞ የነበረ ገደል ድንገት የሚናደው በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ነገር ስለ ጊዜ ነው። አይብ ስታወጡ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥራችሁ ከላይ ክብደት ብታስቀምጡበት ምን ይሆናል? ውኃው በአንድ ጊዜ አይወጣም። ጠብ፣ ጠብ እያለ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ክብደቱን የተሸከመው ውኃው ነው፤ እየተንጠባጠበ በወጣ ቁጥር ሸክሙ ወደ አይቡ ይዛወራል፣ አይቡም ይሰባሰባል፣ ይጠነክራል፣ ቁመቱም ይቀንሳል። ውኃ የያዘ ሸክላ አፈር ላይ ቤት ሲሠራም የሚሆነው ይኸው ነው። ልዩነቱ የሸክላ ቀዳዳዎች እጅግ ጠባብ ስለሆኑ ውኃው ለመውጣት ዓመታት፣ አንዳንዴም በመቶ የሚቆጠሩ ዓመታት መፍጀቱ ነው። ቤቱ በተመረቀበት ቀን ቀጥ ብሎ ይቆማል። መስመጡ ግን ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላም ይቀጥላል። ሁሉም ጎን እኩል ቢሰምጥ ጉዳቱ ትንሽ ነበር፤ አንዱ ጥግ ከሌላው ቀድሞ ሲወርድ ግን ግድግዳው ይሰነጠቃል።

ቴርዛጊ ይህ ሁሉ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ በስሌት ማወቅ እንደሚቻል አሳየ። በ1923 ያወጣው ስሌት ሙቀት በአንድ ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ከሚያሳየው ስሌት ጋር አንድ ዓይነት ነው። ድፎ ዳቦ የጋገራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዳቦው ሲወፍር መሐሉ ለመብሰል የሚወስደው ጊዜ ከውፍረቱ የበለጠ ይጨምራል። የሸክላ አፈር ውፍረት 2 እጥፍ ሲሆን፣ ውኃው ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ 4 እጥፍ ነው።

በጣሊያን አገር ያለውን የፒዛን ዘመም ግንብ በፎቶ ሳታዩት አልቀራችሁም። ሥራው በ1173 ተጀምሮ ከ5 ዓመት በኋላ በጦርነት ምክንያት ተቋረጠ፤ የቀጠለውም በ1272 ነው። ሠሪዎቹ ሥራው በመጓተቱ ሳያዝኑ አልቀሩም። ዛሬ በቴርዛጊ ትምህርት ሲታይ ግን ግንቡን ያተረፈው ያ መጓተት ነው። ወደ 100 ዓመት በሚጠጋው ዕረፍት ከሥሩ ያለው ሸክላ ውኃውን አውጥቶ ጠነከረ። በአንድ ትንፋሽ ቢጨርሱት ኖሮ ግንቡ ያኔውኑ ይወድቅ ነበር።

በ1925 ይህን ሁሉ ያሰፈረበት የጀርመንኛ መጽሐፉ በቪየና ታተመ። የአፈር መካኒክስ የሚባለው ትምህርት የተወለደው በዚህ መጽሐፍ ነው ይባላል። በዚያው ዓመት የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ወደ አሜሪካ ጠራው። ከ12 ዓመት በፊት ባዶ እጁን የወጣበት አገር ተመልሶ ፕሮፌሰር ሆኖ ገባ። እዚያ አርተር ካሳግራንዴ የሚባል እንደ እሱ ከኦስትሪያ የመጣ ወጣት መሐንዲስ ረዳቱ ሆነ። ካሳግራንዴ በኋላ በራሱ ስም ታላቅ ሊቅ ወጥቶታል። ቴርዛጊ በ1929 ወደ ቪየና ተመልሶ በቴክኒክ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሆነ። በ1930 ሩት ዶገትን አገባ። ሩት ራሷ በሃርቫርድ የሥነ ምድር ትምህርት የተማረች አሜሪካዊት ነበረች፤ ጽሑፎቹን በማረምና በማስተካከል ዕድሜዋን ሙሉ አብራው ሠርታለች። በእንግሊዝኛ የጻፈው ሁሉ ጥርት ብሎ የሚነበበው በእሷም ድካም ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ያልፋል።

አሁን ደግሞ ከታሪኩ ሁሉ የሚከብደውን ክፍል እንነግራችኋለን። በዚያው በቪየና ዩኒቨርሲቲ ፓውል ፊሉንገር የሚባሉ ሌላ ፕሮፌሰር ነበሩ። ፊሉንገር በሒሳብ የረቀቁ ሰው ነበሩ፤ የቴርዛጊን ስሌትም ከመሠረቱ የተሳሳተ ነው ብለው አመኑ። በ1936 አንድ ትንሽ መጽሐፍ አሳትመው ስሌቱን ብቻ ሳይሆን የቴርዛጊን ክብርና ታማኝነት ጭምር አጠቁ። ዩኒቨርሲቲው ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው ቴርዛጊ ትክክል ነው ወደሚል ውሳኔ ሲደርስ፣ ፊሉንገርና ባለቤታቸው በመጋቢት 1937 አብረው የራሳቸውን ሕይወት አጠፉ።

ቴርዛጊ አሸነፈ፤ ግን ማን እንዲህ ያለውን ድል ይመኛል? ደግሞም ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ የመጡ ሊቃውንት የፊሉንገርን ጽሑፎች አውጥተው ሲያነብቡ፣ በውኃና በአፈር መካከል ያለውን ነገር በሒሳብ ለመግለጽ የጀመሩት መንገድ ከዘመናቸው የቀደመ ሆኖ አገኙት። ቴርዛጊን ስለ ስድባቸው ይቅርታ ሊጠይቁት በተገባ ነበር። ሒሳባቸው ግን ከእሳቸው ጋር ሊቀበር አይገባውም ነበር። ሁለቱ ሰዎች ተቀምጠው ቢነጋገሩ ኖሮ ብለን የምናስበው እኛ ነን እንጂ፣ በዚያን ጊዜ ማንም አላስታረቃቸውም።

በ1936፣ ከዚህ መከራ ጥቂት ወራት በፊት፣ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የአፈር መካኒክስ ጉባኤ ተካሂዶ ነበር። ከ20 አገሮች 200 ያህል ሰዎች መጡ። ከ17 ዓመት በፊት አንድ ሰው ብቻውን በሲጋራ ሣጥን የጀመረው ሥራ የዓለም ሙያ ሆነ ማለት ነው። ፕሬዚዳንት አድርገው የመረጡትም ቴርዛጊን ነው፤ እስከ 1957 ድረስ በቦታው ቆይቷል። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ቪየናን ለቆ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፣ በሃርቫርድ ማስተማር ያዘ፣ በ1943 ዜግነት አገኘ።

ቺካጎ ከተማ በለስላሳ ሸክላ ላይ ረጃጅም ፎቆች ያሉባት ከተማ ናት። ከፎቆቹ ሥር የባቡር ዋሻ ሲቆፈር ቴርዛጊ አማካሪ ሆነ። ራልፍ ፔክ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ከቁፋሮው ቦታ ሳይለይ ምድሩ ስንት እንደተንቀሳቀሰ እየለካ ይነግረው ነበር። ቴርዛጊ ስሌት ብቻውን እንደማይታመን የሚያስተምረው እንዲህ ባለ ሥራ ነው። ትገምታለህ፣ ትሠራለህ፣ እየሠራህ ትለካለህ፣ ልኬቱ ከግምትህ ከተለየ ሥራህን ትለውጣለህ። ሁለቱ በ1948 አብረው ያወጡት መጽሐፍ ዛሬም ድረስ በመሐንዲሶች ጠረጴዛ ላይ ይገኛል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚቀርበው ሥራው ደግሞ ግብፅ ውስጥ ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ሲታሰብ፣ በ1954 የአማካሪ መሐንዲሶች ቡድን ሰብሳቢ የሆነው ቴርዛጊ ነው። ግድቡ የሚይዘው ውኃ አብዛኛው ከአባይና ከሌሎቹ የኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች የሚወርድ መሆኑን ታውቃላችሁ። ችግሩ ወንዙ በሺህ ዓመታት ያመጣው አሸዋና ደለል ከግድቡ ሥር ከ200 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው መሆኑ ነበር። ውኃ ከሥር ሰርጎ ገብቶ በሌላው ወገን ወደ ላይ ሲወጣ አሸዋውን ይዞት ይወጣል፤ ቀስ በቀስ ግድቡን ከሥሩ ቦርቡሮ ይጥለዋል። ቴርዛጊ ለዚህ ዓይነቱ ችግር መፍትሔ ያገኘው ገና በወጣትነቱ ነው። ውኃው በሚወጣበት በኩል ደቃቅ አሸዋ፣ ከላዩ ሻካራ አሸዋ፣ ከዚያ ጠጠር ይደረደራል። እንደ ሻይ ማጥለያ፣ ውኃው ያልፋል፣ አፈሩ ይቀራል። የማጥለያው ቀዳዳ ምን ያህል መሆን እንዳለበት ከአፈሩ ፍሬ መጠን ተነስቶ ደንብ አውጥቶለታል፤ ዛሬም በዚያ ደንብ ይሠራል። የአስዋንን ሥራ ግን አልጨረሰውም። ሥራውን ከተረከቡት የሶቪየት መሐንዲሶች ጋር ስላልተስማማ በ1959 ለቀቀ። ግድቡ በ1970 ሲያልቅ እሱ በሕይወት አልነበረም።

ወደ ቤታችሁ ጉዳይ እንመለስ። አዲስ አበባም ሆነ ሌሎች ብዙ ከተሞቻችን ያሉት መረሬ የሚባለው ጥቁር አፈር ባለበት ቦታ ነው። ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። እያበጠና እየጎደለ ቤቱን ከሥር ያነሳዋል፣ ይጥለዋል። ከሚሰምጠው ሸክላ በመጠኑ ይለያል፤ ጥያቄው ግን ያው የቴርዛጊ ጥያቄ ነው፤ ከሥር ያለው ምንድን ነው? ውኃውስ የት ይሄዳል? ስለዚህ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት የመሠረቱን ጉድጓድ ፎቶ አስልኩ። አፈሩ ጥቁርና የሚለጠፍ ከሆነ፣ ተቆፍሮ እንዲወጣና በገረጋንቲ ተተክቶ እንዲጠቀጠቅ፣ ወይም መሠረቱ ከሥር ያለው ጠንካራ ምድር ድረስ እንዲወርድ መሐንዲስ አማክሩ። የጣሪያ ውኃም ከመሠረቱ አጠገብ እንዳይጠራቀም ቦይ ይሠራለት። ለአፈር ምርመራ የሚከፈለው ገንዘብ ግድግዳ አፍርሶ እንደገና ለመሥራት ከሚወጣው ጋር አይወዳደርም። የተሰነጠቀው ቤት አስቀድሞ የቆመ ከሆነ ደግሞ፣ ወንድማችሁን ከመክሰሳችሁ በፊት አፈሩን አስመርምሩት።

ቴርዛጊ በ1956 ከሃርቫርድ በጡረታ ቢወጣም ሥራ አላቆመም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ካናዳ ውስጥ፣ ብሪትሽ ኮሎምቢያ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ብሪጅ በተባለ ወንዝ ላይ የሚሠራ ግድብ ይዞ ነበር። ቦታው ከሥሩ የሚሰምጥ ሸክላ ያለበት በመሆኑ ግድብ ሊሠራባቸው ከሚችሉ ስፍራዎች ሁሉ ከክፉዎቹ አንዱ ነው። 60 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ግድብ ምድሩ ከሥሩ ቢሰምጥም ሳይሰበር አብሮት እንዲወርድ ታስቦ ተሠራ፤ በ1960 አለቀ። ቴርዛጊ በጥቅምት 1963 በ80 ዓመቱ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ዊንቸስተር በምትባል ከተማ ባለው ቤቱ አረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሚሽን ይባል የነበረው የካናዳው ግድብ ስሙ ተለውጦ የቴርዛጊ ግድብ ተባለ። ዛሬም ውኃውን ይዞ እዚያው ቆሟል።